ጊጋቢት ካርድ በ100 ሜጋቢት ላይ ሲቆም፦ በፍሪቢኤስዲ የአርኢ ድራይቨር ማስተካከያ

ፋይል ጠባቂ ጻፈ፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ለጋራ ፋይል ማከማቻ የሚያገለግል፣ ፍሪቢኤስዲ 14 የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ኮምፒውተር አስተዳድራለሁ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኔትወርክ ካርድ ሪልቴክ 8111 ሲሆን ሲስተሙ አርኢ0 በሚል ስም አውቆታል። ካርዱም ስዊቹም ጊጋቢት ናቸው፤ ሆኖም በኢፍኮንፊግ (የካርዱን ሁኔታ በሚያሳየው ትእዛዝ) ስጠይቅ መስመሩ በ100 ሜጋቢት፣ በሙሉ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ) እንደሚሠራ ይነግረኛል። (የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እንደሚነበቡት በፊደል ጽፌያለሁ።)

ማሽኑ በተነሣ ቁጥር፣ እንዲሁም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ እንደገና ሲበራ፣ በሎጉ (በሲስተሙ የመልእክት መዝገብ) ውስጥ የአርኢ0 መስመር ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ የሚሉ መልእክቶች ተከታትለው ይመጡና በመጨረሻ በ100 ላይ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይነቃነቅም። ፍጥነቱን በእጅ ለመወሰን በአርሲ ኮንፍ (በሲስተሙ የማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ሚዲያውን፣ ማለትም የመስመሩን ዓይነት፣ 1000፣ ሙሉ ዱፕሌክስ የሚያደርግ መስመር ስጨምር ደግሞ ግንኙነቱ ጨርሶ ይጠፋል።

ነባሩን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አምራቹ በሚያዘጋጀው ድራይቨር መተካት ይበጅ እንደሆነ፣ ከበጀም ማሽኑን ሳላውክ እንዴት እንደምተካው እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

ድራይቨር ከመቀየርዎ በፊት ሲስተሙ ካርዱን በትክክል አውቆት እንደሆነ ያረጋግጡ። በፒሲአይኮንፍ ትእዛዝ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ሲያወጡ በአርኢ0 ሥር የመሣሪያ ቁጥሩ 8168 መሆን አለበት፤ የ8111 እና የ8168 ቤተሰብ በአንድ ቁጥር ይታወቃልና 8111 የሚለውን ባያገኙ አይገረሙ። ከሊኑክስ ለመጡ አንባቢዎች፣ በፍሪቢኤስዲ የካርዱ ስም የሚወጣው ከድራይቨሩ ነው፤ አርኢ የሪልቴክ ጊጋቢት፣ ኢኤም እና አይጂቢ የኢንቴል፣ ቢጂኢ የብሮድኮም ናቸው። ስለዚህ አርኢ0 የሚለውን ስም ማየትዎ ራሱ ድራይቨሩ መሣሪያውን ይዞታል ማለት ነው። አርኢ በጄነሪክ ኬርነል (ከሲስተሙ ጋር በሚመጣው መደበኛ የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አብሮ የተገነባ ስለሆነ እንዲጫን ተብሎ የሚጻፍ ምንም ነገር የለም።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ በሎጉ ውስጥ ያዩት መልእክት የትኛው ነው የሚለው ነው። «የመስመር ሁኔታ ተለወጠ» የሚለውና «ዋችዶግ ታይምአውት» የሚለው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ዋችዶግ ማለት ድራይቨሩ እንዲላክ ለካርዱ ያስረከበው ፍሬም (በሽቦው ላይ የሚሄድ የመረጃ ጥቅል) በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ መላኩ ሳይነገረው ቀርቶ ካርዱን እንደ አዲስ ለማስነሣት ተገድዷል ማለት ነው፤ ይህ የድራይቨርና የቺፕ ጉዳይ ነው። የመስመር ሁኔታ መለወጥ ግን ከድራይቨሩ በታች፣ በፊዚካል ቺፑ (ምልክቱን ወደ ሽቦው በሚያወጣው የካርዱ ክፍል) እና በገመዱ መካከል የሚሆነውን ድራይቨሩ ለእርስዎ ሲያስተላልፍ ነው። ድራይቨሩ እዚህ ላይ መልእክተኛ ብቻ ነው። እርስዎ ያዩት ሁለተኛውን ይመስለኛል፤ እባክዎ ያረጋግጡልን።

የማታ ፈረቃ ጻፈ፦

በእኔ አስተያየት ነገሩን ማርዘም አያስፈልግም። የአምራቹን ድራይቨር የያዘውን የሪልቴክ-አርኢ-ኬሞድ ፓኬጅ ይጫኑ፤ ቲኤስኦን (የሚላከውን መረጃ በካርዱ ላይ መከፋፈልን)፣ ኤልአርኦን (የሚገቡትን ፓኬቶች ማዋሃድን)፣ የቼክሰም (የስሕተት መፈተሻ ቁጥር) ማገዣዎችን ሁሉ ያጥፉ፤ ማሽኑን ያስነሡ። በዚህ ካርድ ለሚያማርር ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ለብዙዎችም ሠርቷል።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

ወንድማችን የማታ ፈረቃ ያሉት ለዋችዶግ ችግር ተገቢ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለቀረበልን ጥያቄ ግን አይመስለኝም። ማገዣዎቹ የሚሠሩት መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በሚያልፉት ፓኬቶች ላይ ነው። ፍጥነቱ 100 ይሁን 1000 በሚወሰንበት ጊዜ ገና አንድም ፓኬት አላለፈም፤ ስለዚህ ቲኤስኦን ማጥፋት 100ን 1000 ሊያደርገው አይችልም።

ደግሞም በአርኢ ድራይቨር ቲኤስኦ ከመጀመሪያው የጠፋ ነው። በሶርስ ኮዱ ውስጥ ምክንያቱ ተጽፏል፤ በአንዳንድ ሁኔታ የተበላሸ የቲሲፒ ክፍልፋይ ስለሚያወጣ በነባሪ እንዳይበራ ተወስኗል። የ8168ሲ እና ሲፒ ዝርያዎች ተጨማሪ አማራጭ ያለባቸውን የአይፒ ፓኬቶች ቼክሰም እንደሚያበላሹም እዚያው ተመልክቷል። እንግዲህ የድራይቨሩ ጸሐፊዎች የቺፑን ጠባይ አጥንተው አስቀድመው ጠንቅቀዋል፤ እኛ ሳንለካ ሁሉንም ብናጠፋ የምናተርፈው የሲፒዩ ሥራ ብቻ ነው። ማጥፋት ግድ የሚሆንበት ጉዳይ የለም አልልም። ማሽኑ በአይፒኤፍደብልዩ ፋየርዎል አማካይነት በኬርነል ውስጥ ናት (የአድራሻ ትርጎማ) የሚሠራ ራውተር ከሆነ፣ ያ ናት ከቲኤስኦ ጋር አይስማማምና የትኛውም ካርድ ላይ መጥፋት አለበት። የጠያቂያችን ማሽን ግን ፋይል ማከማቻ ነው።

(ስለ ሪልቴክ መጥፎ ስም አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ የመጣው በአብዛኛው ከአሮጌው 8139 ቺፕ ነው። ድራይቨሩን የጻፈው ቢል ፖል በአርኤል ድራይቨር መግቢያ ላይ ያንን ቺፕ በምሬት ተችቶታል፤ ለመላክ የሚወጣውን ፓኬት ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሜሞሪ መገልበጥ ግድ ይል ነበርና። አርኢ ግን ለቀጣዩ ትውልድ የተጻፈ ሌላ ድራይቨር ነው፤ ቺፑ ፓኬቱ የት እንዳለ በሚነግር የዴስክሪፕተር ዝርዝር በቀጥታ ከሜሞሪ ያነብባል። ስሙ ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተሻግሮ ቀረ።)

ሽቦ ዘርጊ ጻፈ፦

እኔ ሥራዬ ገመድ መዘርጋት ስለሆነ ስለ ኬርነል አልናገርም፤ ነገር ግን የጠያቂው ምልክቶች ለእኔ በጣም ግልጽ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ።

በገመዱ ውስጥ አራት የተጠማዘዙ ጥንዶች አሉ። በመሰኪያው ላይ 1 እና 2፣ 3 እና 6፣ 4 እና 5፣ 7 እና 8 ጥንዶች ናቸው። የ100 ሜጋቢት መስመር የሚጠቀመው በ1 እና 2፣ በ3 እና 6 ብቻ ነው፤ የቀሩት አራት ሽቦዎች ሥራ ፈት ናቸው። በ1999 የጸደቀው በመዳብ ላይ የሚሠራው የጊጋቢት ደረጃ ግን አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ 250 ሜጋቢት ይሸከማል። ከአራቱ አንዱ ከተቋረጠ ጊጋቢት የለም፤ 750 የሚባል ፍጥነት የለምና።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ካርዱና ስዊቹ ምን ያህል እንደሚችሉ የሚነጋገሩት በሁለቱ ጥንዶች፣ ማለትም በ1 እና 2፣ በ3 እና 6 ብቻ ነው። ሁለቱ ጥንዶች ደኅና ከሆኑ ንግግሩ ያለ ችግር ያልቅና ሁለቱም ወገኖች «1000 እንሥራ» ብለው ይስማማሉ። ከስምምነቱ በኋላ አራቱንም ጥንዶች ለማስማማት ሲሞክሩ ግን የተቋረጠው ጥንድ ይገለጣል፤ መስመሩ ይወድቃል። እንደገና ይነጋገራሉ፣ እንደገና ይስማማሉ፣ እንደገና ይወድቃል። ይህን ደጋግሞ ያየ ፊዚካል ቺፕ፣ ብልህ ከሆነ፣ 1000ን ከአቅሙ ዝርዝር አውጥቶ በ100 ይረጋል። ብልህ ካልሆነ ሲወድቅና ሲነሣ ይኖራል። ጠያቂው «ተከታትለው ይመጡና በመጨረሻ በ100 ላይ ይረጋል» ያሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ ማሽኑን አንሥተው ከስዊቹ አጠገብ ያስቀምጡና ደኅና መሆኑን በሚያውቁት አጭር ገመድ ያገናኙት። 1000 ከወጣ ድራይቨሩ ከክስ ነጻ ነው፤ ችግሩ ከግድግዳው ውስጥ ነው።

የገመዱን ዓይነትም ይመልከቱ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል። ሽቦውን በቢላ ጫፍ ቢፍቁት ከውስጥ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው፤ ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ንጹሕ መዳብ ይጠይቃል። አልሙኒየሙ በክሪምፕ ቦታ (ሽቦው ከመሰኪያው ጋር በሚጨመቅበት) ላይ ቶሎ ስለሚሰበር አንድ ጥንድ ሳይታወቅ ይጠፋል።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

የሽቦ ዘርጊ ማብራሪያ ሁለተኛውንም ጥያቄ ይመልሳል፤ ማለትም በእጅ 1000 ሲደረግ ለምን መስመሩ እንደሚጠፋ። በመዳብ ጊጋቢት ላይ ሁለቱ ወገኖች ከፍጥነት ሌላ በአንድ ተጨማሪ ነገር መስማማት አለባቸው፤ ሰዓቱን የሚመራው ማን ነው፣ የሚከተለውስ ማን? ይህ የሚወሰነው በዚያው በራስ ሰር ድርድር ነው። ድርድሩ ሲዘጋና ፍጥነቱ በእጅ ሲወሰን መሪና ተከታይም በእጅ መወሰን ይኖርባቸዋል፤ ተራ ስዊች ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለውም፤ ድርድር ይጠብቃል። በደረጃውም ቢሆን ለ1000 ድርድሩ ግዴታ ነው። በእጅ መወሰን ከ100 ዘመን የተረፈ ልማድ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን አንዱ ወገን በእጅ ሙሉ ዱፕሌክስ፣ ሌላው በራስ ሰር ሲሆን ራስ ሰሩ ወገን ግማሽ ዱፕሌክስ ላይ ይወድቅ ነበር፤ መስመሩ ደኅና የሚሠራ እየመሰለ በግጭት ብዛት ይንፏቀቅ ነበር።

ስለዚህ ያንን የሚዲያ መስመር ከአርሲ ኮንፍ ያውጡት። ለአርኢ0 የሚያስፈልገው የአይፒ አድራሻውና የኔትማስኩ መስመር ወይም አድራሻውን በራሱ እንዲያገኝ የሚያደርገው «ዲኤችሲፒ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ሁለት ስክሪን ጻፈ፦

አንድ አቋራጭ ልጠቁም። ማሽኑን ማንሣት ካስቸገረዎ፣ ለጊዜው ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ያስነሡትና ኢትቱል የሚለውን ትእዛዝ በካርዱ ስም ያሂዱ። ሌላኛው ወገን፣ ማለትም ስዊቹ፣ ምን ምን ፍጥነት እንዳስታወቀ ለብቻው ይዘረዝራል። ስዊቹ 1000 እያስታወቀ መስመሩ በ100 ከቆመ ነገሩ ያለቀለት ነው። የቅርብ ጊዜ የሊኑክስ ኬርነሎች በዲሜስግ (በኬርነሉ መልእክቶች ዝርዝር) ላይ በቀጥታ፣ ከተስማሙበት 1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷልና ገመዱን ፈትሹ የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ። እኔ የፍሪቢኤስዲ ሰው ነኝ፤ ይህን መልእክት ግን እቀናበታለሁ።

ፋይል ጠባቂ ጻፈ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሎጉ ውስጥ ዋችዶግ የሚል ቃል የለም፤ ሁሉም የመስመር ሁኔታ መለወጥ ነው። የመሣሪያ ቁጥሩም እንደተባለው 8168 ነው። ማሽኑን ከስዊቹ አጠገብ አስቀምጬ በአጭር ገመድ ሳገናኘው ወዲያውኑ በ1000፣ ያለ አንዳች መነሣትና መውደቅ ቆመ።

የግድግዳውን መሰኪያ ስንፈታው ሰማያዊው ጥንድ፣ ማለትም 4 እና 5፣ ከመሰኪያው ጋር አልተገናኘም፤ ከዚያው ገመድ ተከፍሎ ለጠረጴዛው ስልክ መስመር ሆኗል። ሌላ ገመድ እስኪዘረጋ ድረስ ማሽኑን ስዊቹ ባለበት ክፍል አቆይቼዋለሁ።

በአይፐርፍ 3 (በመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ስለካ በሁለቱም አቅጣጫ 941 ሜጋቢት አገኛለሁ፤ ፋይል በሳምባ (በፋይል ማጋሪያው ፕሮግራም) ስገለብጥ ግን በሰከንድ ከ60 ሜጋባይት አይበልጥም። ይህን ለማሻሻል አሁንስ የአምራቹን ድራይቨር ልሞክር? ጃምቦ ፍሬምስ (ከተለመደው 1500 ባይት በላይ የሚሸከሙ ፍሬሞች) ይጠቅመኛል?

ሽቦ ዘርጊ ጻፈ፦

ስልኩን ከገመዱ በሚለዩበት ጊዜ አንድ ጥንቃቄ፦ የተለመደው የስልክ መስመር ተዘግቶ እንኳ 48 ቮልት ገደማ አለው፣ ሲደወል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሰማያዊውን ጥንድ ወደ ኔትወርክ መሰኪያ ከመመለስዎ በፊት በሌላው ጫፍም፣ በስልክ ሳጥኑ በኩል መላቀቁን ያረጋግጡ። በአንድ ገመድ ሁለት አገልግሎት የማስኬድ ዘዴ በ100 ዘመን ብዙ ቢሮ ውስጥ ተሠርቶበታል፤ ገመድ ለመቆጠብ ብልኀት ነበር፣ አሁን ግን ጊጋቢት የሚጠይቀው ሁሉ ይጋፈጠዋል።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

941 ጉድለት ያለበት ቁጥር አይደለም፤ የመስመሩ ጣሪያ ነው። አንድ ሙሉ ፍሬም 1500 ባይት ሲሸከም በሽቦው ላይ የሚይዘው ቦታ 1538 ባይት ነው፤ 14 ለራስጌው፣ 4 ለፍተሻው፣ 8 ለመግቢያው ምልክት፣ 12 ደግሞ በፍሬሞች መካከል ላለው ክፍተት ይጨመራልና። ከ1500ው ውስጥ ደግሞ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌዎች ከጊዜ ማኅተሙ ጋር 52 ስለሚወስዱ ለመረጃው 1448 ይቀራል። 1448ን ለ1538 ሲያካፍሉ 0.941 ነው። ድራይቨርዎ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ስለዚህ የ60 ሜጋባይቱን ምክንያት ከካርዱ በላይ ይፈልጉ፤ ዲስኩን፣ የሳምባን አሠራር፣ የሚገለበጡትን ፋይሎች መጠን ይመልከቱ። ብዙ ትንንሽ ፋይሎች በየትኛውም ካርድ ቀርፋፋ ናቸው።

ጃምቦ ፍሬምስ በ9000 ባይት ቢሠራ በተመሳሳይ ስሌት ወደ 990 ገደማ ያደርስዎታል። ትርፉ ይህችው ናት፤ ዕዳው ግን ብዙ ነው። በዚያው ኔትወርክ ክፍል ያለ መሣሪያ ሁሉ፣ ፕሪንተሩም ሳይቀር፣ እኩል መጠን መቀበል አለበት፤ ካልተቀበለ ትንንሾቹ ፓኬቶች እያለፉ ትልልቆቹ ይጠፋሉ፤ ፒንግ ይሠራል፣ ፋይል አይገለበጥም። ቺፖቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የመጀመሪያዎቹ 8169ዎች ከ7422 ባይት በላይ ኤምቲዩ (በአንድ ፍሬም የሚጫን ከፍተኛ መጠን) አይቀበሉም። ለቢሮ 1500 ይበቃል።

የማታ ፈረቃ ጻፈ፦

ለዚህ ጉዳይ ድራይቨሩ መቀየር እንደማያስፈልገው ተረድቻለሁ። ሆኖም ርዕሱን የሚፈልግ ሌላ ሰው፣ በእርግጥ ዋችዶግ የሚያስቸግረው፣ እዚህ ቢደርስ የመተኪያው አሠራር በትክክል ተጽፎ ቢያገኝ መልካም ነው።

ፓኬጁ ሲጫን ሞጁሉን (ወደ ኬርነሉ የሚጫነውን የድራይቨር ፋይል) በቡት ሥር፣ ሞጁልስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሎደር ኮንፍ (ኬርነሉን በሚያስነሣው በሎደሩ የማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ሁለት መስመር ይጻፋል፤ አንዱ ኢፍ-አርኢ ይጫን የሚል፣ ሁለተኛው የሞጁሉን ሙሉ አድራሻ የሚሰጥ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘልለዋል። የአምራቹ ሞጁልና የሲስተሙ ሞጁል ስማቸው አንድ ነው፤ ሎደሩ ደግሞ ከሞጁልስ በፊት ኬርነል የሚባለውን ማውጫ ይፈትሻል። አድራሻው ካልተሰጠው አሮጌውን ያነሣና ሰውየው አዲሱን የጫነ ይመስለዋል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ በኬኤልዲሎድ (ሞጁል በሚጭነው ትእዛዝ) መጫንም አይሆንም፤ ያው ስም በኬርነሉ ውስጥ አለና «ቀድሞ ተጭኗል» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ሥራው በሎደሩ በኩል፣ በዳግም ማስነሣት ብቻ ይፈጸማል።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

በትክክል ተገልጿል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የፓኬጅ ሞጁል የሚገነባው ለተወሰነ የኬርነል እትም ነው። የፍሪቢኤስዲ ፓኬጆች በተለምዶ የሚገነቡት ገና ድጋፍ ባልተቋረጠበት ዝቅተኛው ንዑስ እትም ላይ ስለሆነ፣ ሲስተምዎን ወደ አዲስ ንዑስ እትም ባሳደጉ ማግስት ሞጁሉ ላይነሣ ወይም ኬርነሉን ሊጥል ይችላል። መፍትሔው ሞጁሉን ከፖርትስ (ከሶርስ ከሚገነቡ ፕሮግራሞች ስብስብ)፣ ከራስዎ የኬርነል ሶርስ ጋር መገንባት ነው። ኔትወርኩ ብቸኛ መግቢያዎ በሆነበት የርቀት ማሽን ላይ ግን ኪቦርድና ስክሪን ሊያገናኝልዎ የሚችል ሰው ሳይኖር ይህን አይሞክሩ። ነባሩ ድራይቨር ከኬርነሉ ጋር አብሮ ያድጋል፤ እኔ እርሱን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሁለት ስክሪን ጻፈ፦

ስለ ኢንተራፕት (ካርዱ ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) ማዘግያው ማንም አላነሣም። በአርኢ ድራይቨር፣ በሲስሲቲኤል (በኬርነል ማስተካከያዎች) ዝርዝር ውስጥ የተቀበለውን ኢንተራፕት እስከ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሚያዘገይ የሚወስን ቁጥር አለ፤ ነባሪው 65 ነው። 0 ሲደረግ ማዘግየቱ ይጠፋል፤ መዘግየት ለሚጠሉ ሥራዎች ይረዳል፣ ሲፒዩውን ግን በኢንተራፕት ያጨናንቃል። ለውጡ የሚጸናው አርኢ0ን አውርደው ሲያነሡት ነው። ለፋይል ማከማቻ 65 መልካም ነው፤ እኔ ድምፅ በሚያስተላልፍ ማሽን ላይ ብቻ ነው የምቀንሰው።

ፋይል ጠባቂ ጻፈ፦

እንደተመከርኩት ማገዣዎቹንም ማዘግያውንም በነባሪያቸው ትቻለሁ፤ የሚዲያውን መስመርም አውጥቻለሁ። በዲስኩ በኩል ስፈትሽ፣ ቅጅው በሚካሄድበት ጊዜ በጂስታት የሚታየው የዲስኩ ሥራ ከ100 በመቶ አይወርድም፤ ስለዚህ የፍጥነቱን ጉዳይ በማከማቻ ክፍል ሌላ ርዕስ ከፍቼ እጠይቃለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ፦ አርሲ ኮንፍን ከለወጥኩ በኋላ ማሽኑን ሳላስነሣ ለውጡን ተግባራዊ ማድረግ የምችለው እንዴት ነው? በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያ) ከሌላ ንዑስ ኔትወርክ ገብቼ የኔትወርክ ካርዶችን የሚያዘጋጀውን ኔትኢፍ የሚለውን አገልግሎት እንደገና ባስነሣው መስመሩ እንደሚቆረጥ እፈራለሁ።

ኬርነል አንባቢ ጻፈ፦

ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ኔትኢፍ ብቻውን እንደገና ሲነሣ አድራሻው ተነሥቶ ይመለሳል፤ ነባሪው መንገድ (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች የሚያወጣው) ግን አብሮ ይጠፋና አይመለስም፤ ከሌላ ንዑስ ኔትወርክ የገባ ሰውም ውጭ ይቀራል። ሁለቱን አገልግሎቶች፣ ኔትኢፍንና ራውቲንግን፣ በአንድ የትእዛዝ መስመር አስከትለው ይጻፏቸው፤ መስመሩ በመካከል ቢቋረጥ እንዳይሞቱም ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ያስኪዷቸው። ማሽኑ አሁን ከስዊቹ አጠገብ ስላለ ግን ከራሱ ኪቦርድ ቢያደርጉት ይቀልዎታል፤ አዲሱ ገመድ ተዘርግቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ኢፍኮንፊግ 1000 ማለቱን፣ በኔትስታት የሚታየው የገቢ ስሕተት ቁጥርም 0 ላይ መቆየቱን ይመልከቱ።